ደቂቃ መሸጥ የቀረበት ገበያ

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዋሽንግተን ዙሪያ ካሉት የአበሻ ሱቆች ወደ አንዱ የገባ ሰው፣ ከእንጀራው ጥቅልና ከበርበሬው ከረጢት ጎን፣ ባንኮኒው መስታወት ሥር የተደረደሩ ባለቀለም ካርዶች ያይ ነበር። ባለ 5 ዶላር፣ ባለ 10 ዶላር። ካርዱ በሳንቲም ይፋቃል። መጀመሪያ የመግቢያው ቁጥር ይደወላል፤ ቀጥሎ የተፋቀው ረጅም ቁጥር ይመታል፤ ከዚያ 011፣ ከዚያ 251፣ ከዚያ የእናት ቤት ስልክ። አንድ አሃዝ ያሳተ ከሀ ይጀምራል። መስመሩ ሲገኝ አንዲት ሴት የቀረውን ደቂቃ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፤ እሷ ያለችው ደቂቃና እኛ ያገኘነው ደቂቃ ተስማምተው አያውቁም። የማገናኛ ክፍያ፣ የሳምንት ክፍያ የሚባሉ ነገሮች ካርዱ ጀርባ ላይ በጉንዳን ፊደል ተጽፈዋል፤ ያነበባቸው ሰው ግን አላውቅም።

ወሬውም የካርድ ወሬ ነበር፤ የተጣደፈ፣ የሚጮህ፣ ዋናውን ነገር ትቶ ሰላምታ የሚደጋግም። «ሁላችሁም ደህና? አባዬስ? ድምፁን ብቻ ልስማው፣ ቶሎ ስጪኝ፣ ካርዱ ሊያልቅ ነው!» አባት ተጠርተው ከጓሮ እስኪመጡ መስመሩ ይቆረጣል።

ዛሬ ያቺው በካርድ ትደውል የነበረች ሴት ስልኳን ከጨው ዕቃው ጋር አስደግፋ ሽንኩርት ትከትፋለች። ስክሪኑ ውስጥ እናቷ አዲስ አበባ የማታ ቡናቸውን ይቆላሉ። ብዙ አያወሩም። አንዳንዴ አሥር ደቂቃ ሙሉ ዝም ይባባላሉ፤ ጥሪው ግን አልተዘጋም። በካርዱ ጊዜ ዝምታ ገንዘብ ስለነበር ማንም አይደፍረውም ነበር።

ከዚያ ጥድፊያ ወደዚህ ዝምታ ያደረሰን ምንድን ነው ሲባል፣ ብዙው ሰው «ኢንተርኔት ነዋ» ይላል። አልተሳሳተም፤ ግን መልሱ ጎዶሎ ነው። ድምፅ በኢንተርኔት መጓዝ ከጀመረ 30 ዓመት አልፎታል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው)። በመጀመሪያዎቹ 20 ዓመታት ገበያውን የያዙት ጥሪ ሊሸጡ የተነሱ ኩባንያዎች ነበሩ። አብዛኞቹ ዛሬ ስማቸው የለም። ገበያውን የወሰደባቸው ደግሞ የተሻለ ወይም የረከሰ ጥሪ ይዞ የመጣ ተወዳዳሪ አይደለም። የጽሑፍ መልእክት የሚያመላልሱ፣ ስለ ስልክ ጥሪ መጀመሪያ ላይ ያላሰቡ መተግበሪያዎች ናቸው የወሰዱት። ለምን እነሱ? ነገሩን ከሥሩ ለማየት አንድ ጥሪ ምን ምን ሥራ እንደሚጠይቅ መቁጠር ያሻል።

መጀመሪያ፣ የምትደውልለት ሰው የት እንዳለ ማወቅ። ሁለተኛ፣ ያለበትን መሣሪያ መቀስቀስና ማንጫረር። ሦስተኛ፣ ድምፁን ሳይቆራረጥና ሳይዘገይ ማድረስ። መደበኛው ስልክ ሦስቱንም በአንድ ገመድ ጨርሷቸዋል፤ ቁጥሩ አድራሻ ነው፣ ገመዱ ደወሉን ያስጮሃል፣ ድምፁም በዚያው ገመድ ያልፋል። ኢንተርኔት ግን የተሠራው እንዲህ አይደለም። ኮምፒዩተር በተነሳ ቁጥር አድራሻው ሊቀየር ይችላል፤ ቤት ያለው ራውተር ደግሞ እንደ ግቢ ዘበኛ ነው፣ ከውስጥ የሚወጣውን ያሳልፋል፣ ከውጭ የመጣውን እንግዳ «ማን ልበል?» ብሎ ይመልሳል። ጠሪው በር ላይ ቆሞ ይቀራል።

ጥሪ ሻጮቹ ሙሉ ትኩረታቸውን የጣሉት ሦስተኛው ሥራ ላይ ነበር። አስቸጋሪም አስደሳችም እሱ ስለሆነ አይፈረድባቸውም። ድምፅ በየ20 ሚሊሰከንዱ ይቆረጣል፤ በሰከንድ 50 ቁራጭ ማለት ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ፖስታ ተደርጎለት ይላካል። ፖስታዎቹ በየራሳቸው መንገድ ሄደው ተዘበራርቀው ሲደርሱ ተቀባዩ ጥቂት አቆይቶ በተራቸው ይደረድራቸዋል። ብዙ ካቆየ ደግሞ ወሬው ይሰናከላል። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመክራል፤ ከዚያ እጅግ ሲያልፍ ሁለቱም እኩል ይጀምራሉ፣ እኩል ያቆማሉ፣ «አንተ ተናገር»፣ «የለም አንቺ ቀጥዪ» ይመጣል።

የፖስታው ነገር ራሱ አስገራሚ ነው። በዛሬ መጭመቂያ ጥሩ የሚሰማ ንግግር በሰከንድ 24 ኪሎቢት ይበቃዋል እንበል። አንዱ ቁራጭ 60 ባይት ድምፅ ይይዛል፤ ላዩ ላይ የሚጻፈው አድራሻ ደግሞ ብቻውን 40 ባይት ነው። ለሁለት ቃል ደብዳቤ ጋዜጣ የሚያህል ፖስታ እንደማለት ነው። ያም ሆኖ ሂሳቡ ሲሠራ አንድ ሰዓት ማውራት በሁለቱም አቅጣጫ ተደምሮ ወደ 36 ሜጋባይት ይሆናል። አንድ ጊጋባይት የገዛ ሰው ከ27 ሰዓት በላይ ያወራበታል። ይህን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ ገንዘቡ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

ቮካልቴክ የተባለ የእስራኤል ኩባንያ በ1995 «ኢንተርኔት ፎን» የሚል ሶፍትዌር ለሽያጭ ሲያወጣ ሦስተኛውን ሥራ እንደ ነገሩ ሠርቶታል። ሁለቱ ሰዎች ግን በአንድ ሰዓት ኮምፒዩተራቸው ፊት ተቀምጠው መገናኘት ነበረባቸው። ያን ቀጠሮ ለመያዝ ደግሞ አስቀድሞ ስልክ መደወል! ሌሎቹ ችግሩን የዞሩት በመደበኛው ስልክ በኩል ነው፤ ድምፁን ውቅያኖሱን በኢንተርኔት ያሻግሩትና መጨረሻ ላይ ወደ ተራው መስመር ይጥሉታል። ከላይ ያነሳኋቸው ካርዶች ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚህ ዘዴ ነበር። ኢንተርኔት የማታውቅ እናት በኢንተርኔት ታወራ ነበር፤ ልጇም አታውቅም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሥራዎች የፈቱት ሌሎች ናቸው። አይሲኪውን ያየ ሰው አረንጓዴዋን አበባ ያስታውሳታል፤ ጓደኛህ ኮምፒዩተሩ ላይ ከተቀመጠ አበባዋ አረንጓዴ ትሆናለች፣ ሲሄድ ትቀላለች። በ1996 የመጣው ይህ መልእክት መላላኪያ የሸጠው ቁም ነገር ጽሑፉ አይመስለኝም። ጽሑፍ በኢሜይልም ይላካል። እሱ ያመጣው «አሁን አለ» የሚለውን ዕውቀት ነው። ዘበኛውንም በብልሃት አልፎታል፤ ሶፍትዌሩ ከውስጥ ሆኖ ወደ ማዕከሉ መስመር ከፍቶ ስለሚቆይ መልእክት ሲመጣ በሩ አስቀድሞ ተከፍቷል። አሜሪካን ኦንላይን በ1998 የአይሲኪውን ባለቤት ኩባንያ ገዛ፤ የራሱንም መላላኪያ ከዓመት በፊት ጀምሮ ነበር። እንግዲህ የዓለም ትልቁ «ማን አለ፣ ማን የለም» መዝገብ በአንድ ኩባንያ እጅ ገባ ማለት ነው።

ይህን ካስተዋሉት ጥቂቶች አንዱ፣ ማን ቢሆን ጥሩ ነው፣ የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። አሜሪካን ኦንላይን ከታይም ዋርነር ጋር ሲዋሐድ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በጃንዋሪ 2001 ፈቃዱን የሰጠው በቅድመ ሁኔታ ነበር፤ መላላኪያውን ከሌሎች ኩባንያዎች መላላኪያ ጋር ሳያገናኝ እንደ ቪዲዮ ያሉ የላቁ አገልግሎቶችን በታይም ዋርነር ኬብል ላይ እንዳያቀርብበት። የኮሚሽኑ ጭንቀት ስለ ጽሑፍ አልነበረም። የስሙና የመገኘቱ መዝገብ በእጁ ያለ ኩባንያ ነገ ድምፅና ምስል ቢጨምርበት ማን ይደርስበታል የሚል ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ሰውየውን ነው የሳቱት። አሜሪካን ኦንላይን መዝገቡን ታቅፎ ተኛበት። ኮሚሽኑም አደጋው አልፏል ብሎ ገደቡን በኦገስት 2003 አነሳ። በዚያው በኦገስት፣ በ29ኛው ቀን፣ ስካይፕ ወጣ።

ስካይፕን ያቋቋሙት ስዊድናዊው ኒክላስ ዘንስትሮምና ዴንማርካዊው ያኑስ ፍሪስ ሲሆኑ ሶፍትዌሩን የጻፉት ኢስቶኒያውያን ነበሩ፤ ቀደም ሲል ካዛ የተባለውን የሙዚቃ ፋይል መለዋወጫ አብረው ሠርተዋል። ብልሃቱም ከዚያ የመጣ ነው። ማዕከላዊ ማሽን ከመግዛት ይልቅ የተጠቃሚዎቹን ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ አያያዟቸው፤ ጥሩ መስመር ያለው ሰው ኮምፒዩተር ሳያውቀው የሌሎችን ጥሪ ያገናኝ ነበር። ከስካይፕ ወደ ስካይፕ ነፃ፤ ወደ መደበኛ ስልክ ከሆነ በደቂቃ ይከፈል ነበር። ኢቤይ በ2005 በ2.6 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ ማይክሮሶፍት በ2011 በ8.5 ቢሊዮን ዶላር። በ2013 በስካይፕ ብቻ የተወራው የአገር ለአገር ወሬ 214 ቢሊዮን ደቂቃ ደርሶ ነበር፤ የዓለም የስልክ ኩባንያዎች ሁሉ ተደምረው በዚያ ዓመት ያሻገሩት 547 ቢሊዮን መሆኑን ስናስብ፣ አንድ ኩባንያ ከዚህ በላይ ምን ሊያሸንፍ ይችላል?

ማይክሮሶፍት ግን ሜይ 5፣ 2025 ስካይፕን ዘጋው። ሲዘጋ ብዙዎቻችን «አሁንም ነበር እንዴ?» ነበር ያልነው።

ስለ ስካይፕ ውድቀት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ መልኩ መለዋወጥ፣ ስለ ማይክሮሶፍት ዝርክርክነት። እኔ ግን ጥፋቱን የማየው በአንድ ቅዳሜ ቀጠሮ ውስጥ ነው። «ቅዳሜ በ3 ሰዓት ስካይፕ እንገናኝ» ይባል ነበር። ቅዳሜ ይደርሳል፤ አንደኛው የይለፍ ቃሉን ረስቷል፤ ሌላኛው ኢንተርኔት ካፌ ወረፋ ላይ ነው። ስካይፕ ጥሪ ነበር፤ ጥሪ ደግሞ በሳምንት አንዴ የሚደረግ ነገር ነው። በሳምንት አንዴ የሚከፈት በር ማጠፊያው ይዝጋል። በቀን ሃያ ጊዜ የሚከፈተው የትኛው ነው? «ደረስኩ»፣ «ምን ልግዛ?»፣ «ፎቶውን ላኪልኝ» የሚባልበት ነው። መልእክት የዕለት እንጀራ ነው፤ ጥሪ የበዓል ዶሮ ወጥ።

ጃን ኩም ዋትስአፕን በ2009 ሲያቋቁም መጀመሪያ የሠራው የመልእክት መላላኪያ እንኳ አልነበረም። ስልክህ ውስጥ ከተመዘገበው ስም ጎን «ሥራ ላይ ነኝ»፣ «ባትሪዬ ሊያልቅ ነው» የሚል ምልክት የሚያሳይ ነገር ነበር። የአይሲኪው አረንጓዴ አበባ ወደ ስልክ ማውጫ ገባች እንበለው። አፕል በዚያው ዓመት ለተዘጋ መተግበሪያ ማሳወቂያ መላክ የሚቻልበትን መንገድ ሲከፍት ሰዎች ምልክቱን እየቀያየሩ መላላክ ጀመሩ፤ ዋትስአፕም ወደ መልእክት ዞረ። ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ ተገናኙ። አንደኛው ስሙ ነው፤ አዲስ ስም፣ አዲስ የይለፍ ቃል አይጠየቅም፣ ስልክ ቁጥርህ ራሱ መታወቂያህ ነው። ማን ጋ እንደሚደወል ማውጫህ ያውቀዋል። ሁለተኛው ያ ማሳወቂያ ነው፤ ለመልእክት ተብሎ የመጣው መቀስቀሻ የተኛ ስልክን ያነቃል። አድራሻና ደወል፣ ሁለቱም ሥራዎች አለቁ። የቀረው ሦስተኛው ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ በዚያን ጊዜ ከመደርደሪያ የሚወርድ ዕቃ ሆኗል። ጉግል በ2011 የድምፅና የቪዲዮ ማስተላለፊያ ሶፍትዌሩን በነፃ ለቀቀ፤ ኦፐስ የተባለው መጭመቂያም በ2012 ለሁሉም ክፍት ደረጃ ሆነ። የኦፐስ ግማሽ ጎኑ የመጣው ከስካይፕ ቤት መሆኑ ትንሽ ያሳዝናል፤ ስካይፕ የለፋበትን ጥበብ ተፎካካሪዎቹ በነፃ ወረሱት።

ዋትስአፕ የድምፅ ጥሪ የጨመረው በ2015 ነው፤ ፌስቡክ በ19 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ከተስማማ ከዓመት በኋላ። ቪዲዮው በ2016 ተከተለ። ቴሌግራም በ2017 ጥሪ ጨመረ። ከመልእክቱ ራስጌ ላይ አንዲት ትንሽ የስልክ ሥዕል ተቀመጠች፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ጥሪ ኩባንያ የሚቋቋምለት ሸቀጥ መሆኑ ቀርቶ የሌላ ነገር አዝራር ሆነ።

ቫይበርን የሚያስታውስ አንባቢ እዚህ ጋ ይቃወመኝ ይሆናል። ቫይበር በ2010 መጨረሻ ሲወጣ ጥሪ ነበር ያስቀደመው፤ መልእክቱ ኋላ ነው የመጣው። በስልክ ቁጥር የሚሠራ ስለነበር ከስካይፕ ይልቅ እግሩ ተተክሏል፤ በ2014ም በ900 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ይህ የስልክ ቁጥሩ ያለውን ኃይል ያሳያል። ግን ሰው በቀን የሚጽፍበት ቦታ ሌላ በሆነበት አገር ሁሉ ጥሪውም ቀስ እያለ ወደዚያው ነው የተሰደደው። የእኛን ሰው ያየ ይህን ያውቀዋል፤ ቫይበር፣ ከዚያ ኢሞ፣ ከዚያ ዋትስአፕና ቴሌግራም። ኢሞ በደካማ መስመርና በርካሽ ስልክ ላይ ስለሚሠራ በብዙ ቤት ስሙ የግስ ያህል ሆነ፤ «ኢሞ አድርጊልኝ» ያሉ እናት ኢንተርኔት የሚባለውን ቃል በሕይወታቸው ጠርተውት ላያውቁ ይችላሉ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አዲስ አበባ በመደበኛ መንገድ የተደወለ ጥሪ ሲገባ የአሜሪካው ኩባንያ ለኢትዮጵያው ለእያንዳንዱ ደቂቃ የመቀበያ ዋጋ ይከፍላል፤ በዶላር። ለድሃ አገር ቴሌ ይህ ትልቅ የውጭ ምንዛሪ በር ነበር፤ ስደተኛው በበዛ ቁጥር፣ ናፍቆቱ በጨመረ ቁጥር ገቢው ያድጋል። የመቀበያው ዋጋ ከአገር ውስጥ ጥሪ እጅግ ስለሚበልጥም በመካከሉ ያለውን ልዩነት የሚበሉ ሰዎች መጡ። ጥሪውን በኢንተርኔት አስገብተው፣ ብዙ ሲም ካርድ በተሰካበት ሳጥን አሳልፈው፣ የአገር ውስጥ ጥሪ አስመስለው ያገናኙታል። ሲም ቦክስ የሚባለው ይኸው ነው። ከአሜሪካ የተደወለልህ ስልክ 09 ብሎ ሲመጣ የታዘብክ አንባቢ አጋጥሞህ ያውቃል ማለት ነው።

መንግሥት ያየው ይህን ቀዳዳ ነው። አዋጅ ቁጥር 281/1994 (አዋጅ በእኛ ዓመት ነው የሚጠራው) ድምፅና ፋክስ በኢንተርኔት ማስተላለፍን ከለከለ። አዋጅ ቁጥር 761/2004 ደግሞ በቴሌኮም ማጭበርበር ስም በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሰጠን ሰው ከ3 እስከ 8 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል አለ። በ2012 ረቂቁ ሲወጣ የውጭ ጋዜጦች «ኢትዮጵያ ስካይፕ የሚጠቀምን ልታስር ነው» ብለው ጮሁ፤ መንግሥት የለም፣ ስካይፕ አልከለከልንም፣ ዓላማችን ያለፈቃድ ጥሪ የሚሸጡት ናቸው ብሎ መለሰ። ሁለቱም ወገን ወደ ኋላ ሲያይ ነበር የተከራከረው። ሕጉ «አገልግሎት የሰጠ» የሚለው አንድ ሰው ጥሪ ሸጦ ገንዘብ ሲቀበል በዓይነ ኅሊናው እያየ ነው፤ ቀጥሎ የመጣው ግን ማንም ለማንም ጥሪ የማይሸጥበት ነገር ነው። ማንን ከሰህ ምን ልትቀጣ? ሲም ቦክሱንም ቢሆን በእኔ ግምት ከፖሊስ ይልቅ የጎዳው ኢሞ ነው፤ ሳጥኑ የሚኖረው ደቂቃ ዋጋ እስካለው ድረስ ነዋ።

በዓለምም ሁኔታው ያው ነው። ከታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ወዲህ ሳያቋርጥ ሲያድግ የኖረው የአገር ለአገር የስልክ ጥሪ መጠን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀነሰው በ2015 ነው። ዋትስአፕ አዝራሯን ያስቀመጠው በዚያው ዓመት መሆኑን ሳልጠቁም አላልፍም፤ ብቸኛው ምክንያት ነው ባልልም።

አንዳንዱ አገር በሩን ለመዝጋት ሞከረ። ሞሮኮ በ2016 መጀመሪያ የዋትስአፕን፣ የስካይፕንና የቫይበርን ጥሪ ዘጋች፤ ሕዝቡ አምርሮ ተቃወመ፣ በዓመቱ መጨረሻ ዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ጉባኤ ማራኬሽ ሲደርስ ተከፈተ። ሳዑዲ አረቢያ በ2017 ክልከላዋን አላላች። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ግን የተለየ መንገድ ያዘች፤ መልእክቱን ፈቅዳ ጥሪውን ከለከለች። ዱባይ ያለች እህት በዋትስአፕ ትጽፋለች፣ ፎቶ ትልካለች፣ አዝራሯን ስትነካ ግን ጥሪው አያልፍም። ለመደወል እንደ ቦቲም ያለ የተፈቀደ መተግበሪያ ያስፈልጋታል፤ ለዚያም ቴሌው ወርሃዊ ጥቅል ሲሸጥ ኖሯል። የጥሪን ዋጋ በሕግ ማቆየት እንደሚቻል ኤምሬትስ አሳይታለች፤ ያን ዋጋ ከሚከፍሉት መካከል ደግሞ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ፣ ለልጃቸው መደወል ካላቸው ጥቂት ነገር አንዱ የሆነባቸው ሴቶች አሉ።

ሌሎቹ ቴሌዎች ደቂቃ መሸጡን እየተዉ ወደ ዳታ ዞሩ። ያን 36 ሜጋባይት አስታውሱ። ጥሪው ለቴሌው አይከፍልም፤ የተጓዘበት ዳታ ግን ይከፍላል፤ ልዩነቱ ግን ሰማይና ምድር ነው፣ አንድ ሰዓት ወሬ በዳታ ሲመዘን አንድ አጭር ቪዲዮ እንደማየት ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2018 የሞባይል ኢንተርኔትን ዋጋ በ43 በመቶ፣ የድምፅን በ40 በመቶ ሲቀንስ፣ በ2022 ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሁለተኛ ኦፕሬተር ሆኖ ሥራ ሲጀምር፣ ፉክክሩ ስለ ጊጋባይት ሆነ። ዶላሩ ግን በዚያ በር አልተመለሰም። ልጅቷ ሜሪላንድ ሆና የምትከፍለው ለሜሪላንዱ የኢንተርኔት ኩባንያ ነው፤ እናት አዲስ አበባ ሆነው የሚከፍሉት በብር ነው። በመካከላቸው የነበረው የደቂቃ ድንበር ጠፋ።

አዝራሩ ግን የነጠቀንም ነገር አለ። መደበኛው ስልክ ያለው ትልቁ ጸጋ ማንም ለማንም መደወሉ ነው፤ የትኛው ኩባንያ፣ የትኛው ቀፎ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የመልእክት መተግበሪያዎቹ ግን እያንዳንዳቸው ለብቻ የታጠሩ ግቢዎች ናቸው። አንዷን አክስት በኢሞ፣ ሌላዋን በዋትስአፕ፣ የአጎትን ልጅ በቴሌግራም የምንፈልገው ለዚህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያዎች ሕግ በ2001 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረውን ሐሳብ አንሥቶ እንደገና መጣ፤ በ2023 በር ጠባቂ ተብለው የተሰየሙት ዋትስአፕና የፌስቡኩ ሜሴንጀር ለሚጠይቃቸው ተፎካካሪ መስመር እንዲከፍቱ ያስገድዳል፣ መጀመሪያ ለጽሑፍ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ለድምፅና ለቪዲዮ ጥሪ። ቀላል አይሆንም። ጥሪዎቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠሩ ናቸው፤ ሁለት ባለቁልፍ ቤቶች አንዱ የሌላውን ቁልፍ አምኖ መቀበል አለበት።

የአደጋ ጊዜ ጥሪም አለ። አሜሪካ በ2005 ከመደበኛው የስልክ መረብ ጋር የሚገናኙ የኢንተርኔት ስልኮች 911ን እንዲያገናኙ አዘዘች፤ መልእክት መላላኪያዎቹ ግን ከዚያ መረብ ጋር ስለማይገናኙ ግዴታው አላገኛቸውም። ኦክቶበር 4፣ 2021 ዋትስአፕ ከነእናት ኩባንያው ስድስት ሰዓት ያህል ሲጠፋ ሰው ሁሉ የማን ቁጥር በቃሉ እንደሚያውቅ ፈተሸ፤ መልሱ አላኮራንም። በ2020 ክረምት አገራችን ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ ደግሞ ከውጭ ያለው ዘመድ ወደ ተረሳው መደበኛ ጥሪ ተመለሰ። ደቂቃው እንደገና ተቆጠረ፣ ሰላምታው እንደገና ተጣደፈ።

አንድ ነገር ጣል ላድርግና ወደ መጨረሻው ልሂድ። እኔ ገና የምደነቅበት ለውጥ ጥሪው ሳይሆን የተቀዳው ድምፅ ነው። ድሮ ስደተኛው ካሴት ቀድቶ በሰው እጅ ይልክ ነበር፤ ቤተሰቡ ቴፑን ከብቦ ሰምቶ ሲያበቃ በጀርባው ተራ በተራ ተናግሮ ይመልስለታል። ሕፃኑ ሳይቀር ማይክራፎኑ ላይ ያለቅስበታል። አሁን ማይክራፎኗን ተጭኖ ሦስት ደቂቃ የሚያወራ ሰው የሚልከው ያንኑ ካሴት ነው። ጥሪም አይደለም፣ ደብዳቤም አይደለም፤ የሰባት ወይም የስምንት ሰዓት ልዩነት ላለባቸው ቤተሰቦች ከጥሪው የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ጥሪው ነፃ ከሆነ ባለአዝራሩ ምን ይበላል? ዋትስአፕ በመጀመሪያ በዓመት አንድ ዶላር ይጠይቅ ነበር፤ በ2016 ያንንም ተወው። የተወው ግን ለእኔና ለእናንተ ነው። ድርጅቶች ለደንበኞቻቸው መልእክት ሲልኩ እንዲከፍሉ አደረገ፤ አሁን ደግሞ ድርጅቶች በዚያው በኩል እንዲደውሉ ተፈቅዷል። ደንበኛው ወደ ድርጅቱ ከደወለ ነፃ ነው። ባንኩ፣ አየር መንገዱ፣ ዕቃ አድራሹ ወደ ደንበኛው ከደወለ ግን እንደ አገሩ ታሪፍ ወጥቶለት ይታሰብበታል፤ የሚታሰበውም በደቂቃ ነው።